ይቅርታ የተጠየቀላት አበባ

አደይ አበባ ስንት ቅጠል እንዳላት ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? አትዋሹ፤ አልቆጠራችሁም። በየዓመቱ በስልክ ትልኳታላችሁ፣ በልጆቻችሁ ቀሚስ ላይ ታስጠልፏታላችሁ፣ ስትናፍቋት ግጥም ትገጥሙላታላችሁ እንጂ ቢጫ ቅጠሎቿን አንድ ሁለት ብሎ የቆጠረ ሰው በአትላንታ ከተማ አልነበረም። ሐረገወይን ቆጠረች። ከአገር ቤት በተላኩላት ፎቶዎች ላይ ጣቷን እያስኬደች ደጋግማ ቆጠረችና ስምንት ሆኑላት። ስምንት አድርጋ ሠራቻት። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪው በዛ።

ከተማዋ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ በኮክ ፍሬ ቅርጽ የተሠራ ትልቅ ምስል ከላይ ወደ ታች እያወረደች ሰዓት ታስቆጥራለች። ይህንን ያየ ያገራችን ሰው «እኛስ?» አለና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ዶራቪል በሚገኘው የማኅበሩ አዳራሽ፣ አደይ አበባ ከጣሪያ መውረድ ጀመረች። ንድፉ የሐረገወይን ነው። ኬኔሶ ውስጥ የልጆች መጫወቻ በሚሠራ ድርጅት ዲዛይነር ናት፤ አሜሪካ የመጣችው የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ነው። አበባዋ ስትወርድ እምቡጥ ናት። ሕዝቡ ከስምንት ወደ ታች ይቆጥራል፤ በየቁጥሩ አንድ ቅጠል ይከፈታል፤ «አንድ!» ሲባል የመጨረሻው ተከፍቶ መሐሏ ላይ ያለው መብራት ቦግ ይላል። በቤታቸው አማርኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ የሚመልሱ ልጆች «ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት» እያሉ ሲጮኹ የሰማች እናት ሁሉ ታለቅሳለች። አበባዋ ዝነኛ ሆነች። ከሻርለት፣ ከናሽቪል ሰው እየነዳ መጣ። ቲሸርት ላይ ወጣች፣ ኬክ ላይ ወጣች። ባለፈው ዓመት ግን አቶ ብርሃነመስቀል የተባለ፣ ቀን ሊሞዚን እየነዳ ማታ ቲክቶክ ላይ አገር የሚመራ ሰው፣ ምስሏን ስክሪኑ ላይ አቁሞ አንዲት ጥያቄ ጠየቀ። «ስምንቱ እነማን ናቸው? የቀሩትስ?» አለ። ያ ብቻ በቃ። አንዱ ቆጥሮ የተረሳው የእኔ ክልል ነው አለ፤ ሌላው ቆጥሮ የለም የእኔ ነው አለ። በሕይወታቸው በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሰዎች በዚህ ተስማሙ፦ ሆን ተብሎ ነው።

በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ጠዋት ሐረገወይን ስማይርና ከሚገኘው የአጎቷ ቤት ፎቅ ስትወርድ መጀመሪያ ያስተዋለችው የመኪናዋ ቁልፍ ካስቀመጠችበት ቦታ መነሳቱን ነው። አጎቷ አቶ ዳኘው በጠዋት ወጥተው ነዳጅ ሞልተውላት ነበር። ቤንዚን ከሦስት ዶላር በላይ በገባበት ሰሞን፣ አንድ መብራት ሳያጠፋ ከክፍል የወጣ ሰው ላይ የሚቆጡ ሰው፣ ሳይጠየቁ የሰው መኪና ሞሉ። ደግነት የሌለበት ቤት አይደለም፤ አሳድገዋታል፣ አስተምረዋታል። ግን የእሳቸው ደግነት ሁልጊዜ ድምፅ ነበረው፣ ሳይነገርለት አይውልም። ዛሬ ዝም ያለ ደግነት ነው። ሐረገወይን ቁልፉን አንስታ ቆመች። አክስቷ ወይዘሮ ሸዋነሽ የመተኮሻ ሰሌዳቸው ስለተሰበረ በሳሎኑ ጥግ ባለው፣ ማንም በማይበላበት የመመገቢያ ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ ዘርግተው የባላቸውን ነጭ ሸሚዝ ይተኩሳሉ። የወንበሮቹ ፕላስቲክ ከተገዙበት ቀን ጀምሮ አልተላጠም። ከጋራዡ በር ጀርባ ስልኩን ስፒከር ላይ ያደረጉት የአቶ ዳኘው ድምፅ ይሰማል።

«የለም የለም፣ እሷ ችግር የለባትም። እኔ በስሟ ጨርሼዋለሁ። ስትሰማ ምን ታመጣለች፣ ታለቅስ ይሆናል እንጂ።»

ሌላ ድምፅ «የተባረከ ቤተሰብ!» አለና ሳቀ። ሁለቱም ሳቁ።

ሐረገወይን ወደ አክስቷ ዞረች። «ሸዋዬ፣ ጋሼ በስሜ የጨረሱት ምንድን ነው?»

«ይሄ ኮሌታ አስቸገረኝ» አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ ካውያውን ሳያነሱ። «ምን ሰማሽ?»

«በስሟ ጨርሼዋለሁ ሲሉ።»

«የኢንሹራንስ ነገር ይሆናል።»

«የእኔ ኢንሹራንስ በሥራዬ በኩል ነው እኮ።»

«እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ? ሂጂ ሻወር ውሰጂ፣ ሰው ይጠብቅሻል።» ሸሚዙ ተተኩሶ አልቆ ነበር። እሳቸው ግን ያንኑ እጅጌ ደግመው ተኮሱት፣ ሠልሰው ተኮሱት፤ ቀና ብለው ላለማየት አንድ እጅጌ ይህን ያህል ሊያገለግል እንደሚችል ያየ አይረሳውም።

ለዕለቱ ፈቃድ ወስዳ ነበርና በቀጥታ ወደ ዶራቪል ነዳች። አበባዋ የምትቀመጠው የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ስለሺ ካላቸው ግሮሰሪ ጀርባ፣ በመጋዘኑ ነው። በየዓመቱ በዋዜማው ሄዳ መዘውሯን ዘይት ትቀባለች፣ ሽቦዎቹን ትፈትሻለች፣ ከፍታ ዘግታ ትሞክራታለች። ግሮሰሪው በዓል በዓል ይላል፤ ሰው በሰው ላይ ነው። የአንድ እሽግ እንጀራ ዋጋ ከትናንት ዛሬ በሁለት ዶላር ጨምሯል፤ ሁሉም ያማርራል፣ ሁሉም ሦስት ሦስት ይይዛል። ሐረገወይን ስትገባ ግን ማማረሩ ለአፍታ ቆመ። ሰው ከወትሮው ይልቅ ፈገግ አለላት። ሐዘን ቤት የገባ ሰው ላይ የሚታይ ዓይነት ፈገግታ ነው። አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት ከሰልፉ ወጥተው አገጯን ይዘው ሳሟት።

«ጥፋትን ማመን ትልቅነት ነው ልጄ። እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ክፉ ልብ የላትም፣ ያሳሳቷት አሉ ነው ያልኩት።»

«ምን አጥፍቼ ነው?»

«ተዘግቷል፣ ተዘግቷል!» ሴትየዋ ጉንጯን መታ መታ አደረጉና ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ።

ከገንዘብ መቀበያው ኋላ ያለችው ሀፍሳ ናት፤ አብረው ሃይስኩል ተምረዋል። ሐረገወይን የመጋዘኑን ቁልፍ ስትጠይቃት የደንበኛውን ሽንኩርት ሁለት ጊዜ መዘነች።

«አቶ ስለሺ ቁልፉን አትስጪ ብለውኛል።»

«ለማንም ነው ወይስ ለእኔ?»

«ለማንም ቢሉኝማ እሰጥሽ ነበር። አንቺን በስም ነው የጠሩሽ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሀምዛ ግን ውስጥ ነው። አንኳኪ። ወንድሜ በር ሲንኳኳ መክፈት ነው የሚያውቀው» አለች።

ሀምዛ ቡፈርድ ሃይዌይ ላይ የተጋጨ መኪና የሚያድስበት ጋራዥ አለው፤ የአበባዋን ብረት የበየደው እሱ ነው። በሩን ሲከፍት የብየዳ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር። ሐረገወይንን ሲያይ ደስ አለው፤ ይህ ነው ያስደነገጣት፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳይደብቅ ያያት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። «መጣሽ? በይ እዪ፣ እንዳዘዝሽው ነው» አላት። መጋዘኑ የበርበሬ ጆንያና የካርቶን ሽታ አለው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ አንድ ረጅም መብራት ብቻ የሚበራበት ነው። በመሐሉ በሰንሰለት ተንጠልጥላ አበባዋ ነበረች፤ አበባዋ አልነበረችም። በስምንቱ ቅጠሎች መካከል ሌሎች ተደርበዋል፤ በእነሱ መካከል ሌሎች፤ ከኋላ ደግሞ ሦስተኛ ረድፍ። ቢጫ በቢጫ ላይ ተጠቅጥቆ የሱፍ አበባ መስላለች። ሁሉም በብሎን ታስረዋል። አትዘጋም፤ አትከፈትም። ቅጠሎቹን ይጎትቱ የነበሩት ሽቦዎች ተቆርጠው ወለሉ ላይ ተጠቅልለዋል።

«ስንት ናቸው?» አለች ሐረገወይን።

«እንዳይቆጠሩ ነዋ። የተባልኩት እንደዚያ ነው፤ ማንም ቆጥሮ እንዳይጨርስ አድርገህ ጠቅጥቀው።»

«ማነው ያለህ?»

«ኮሚቴው ነዋ። አንቺ አፕሩቭ አድርገሻል ተባልኩ።» ፊቷን ሲያይ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «አላደረግሽም? ወላሂ አጎትሽ ናቸው የነገሩኝ። ሽማግሌዎቹ ፊት ይቅርታ ከተጠየቀ በኋላ ነው እኮ ሥራው የተሰጠኝ።»

«ማነው ይቅርታ የጠየቀው?»

«አንቺ! ማለቴ፣ በአካል አልነበርሽም። ጋሽ ዳኘው በስምሽ ተነስተው፣ ዝቅ ብለው፣ ድንጋይ ብቻ ነው ያልተሸከሙት ይላሉ። ብርሃነመስቀል ራሱ ተነስቶ አቀፋቸው። ሰው አለቀሰ።»

«ለምን ጥፋት?»

ሀምዛ አሰበ። የእውነት አሰበ። «እሱን ማንም አልነገረኝም» አለ በመጨረሻ። «ሁሉም የሚያወራው ስለ ይቅርታው ነው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ይነገር። ሽምግልና ክቡር ነገር ነው። ደም ያደርቃል፣ ትዳር ይጠግናል፣ ፍርድ ቤት የማይደርስበት ይደርሳል። ነገር ግን ሽምግልና በዳይ ይፈልጋል፣ ተበዳይ ይፈልጋል፣ በደል ይፈልጋል። ሦስቱም በሌሉበት የተቀመጡ ሽማግሌዎች የሚያስታርቁት የለም፤ እነሱ ወንጀል እየፈጠሩ ነው። ሐረገወይን ብትከሰስ ኖሮ ትከራከር ነበር። ፎቶዎቹን አውጥታ ቁጠሩ ትል ነበር። አሁን ግን ክሱ ተዘሎ ምሕረቱ መጥቷል፤ ምሕረትን ደግሞ ማን ይከራከረዋል? «አላጠፋሁም» ብትል ምሕረት የተደረገላት ትዕቢተኛ ናት። ዝም ብትል አጥፍታለች። እጅ ለእጅ ተያይዘው ያለቀሱት ሰዎች አንድም የሚያስለቅስ ነገር ሳይኖር አልቅሰው፣ እሷን ዕድሜ ልኳን «ያቺ ይቅርታ የተጠየቀላት» አድርገዋት ወጥተዋል። ነገ ለማኅበሩ ሌላ ነገር ብትነድፍ በየመስመሩ ተንኮል ይፈለግበታል፤ አንድ ጊዜ አምናለች ተብሏላ።

«ልፈታታው?» አለ ሀምዛ። አዝኗል። ሐረገወይን ወለሉ ላይ ያሉትን ሽቦዎች አንስታ አየች። ከሥራቸው ተቆርጠዋል፤ አዲስ ተገዝተው፣ በልክ ተወጥረው፣ ተሞክረው እስኪያልቁ ቀኑ አይበቃም። «ተወው» አለችው። «አንተ ምን አደረግክ።»

የማኅበሩ አዳራሽ ከግሮሰሪው ጥቂት መንገድ ነው፤ ድሮ የዕቃ መሸጫ የነበረ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ምንጣፉ የሰው እግር የበላው ቤት። አዛውንቶቹ የእኛ ቀን የሚሄደው ከፀሐይ ጋር ነው ብለው ስለወሰኑ አበባዋ የምትወርደው አመሻሹ ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ነው። አዋቂ ሃያ ዶላር ይከፍላል፣ ልጅ በነፃ ይገባል። ሐረገወይን ከሰዓት በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ፓርክ አድርጋ አጎቷን ጠበቀች። ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጠው ነበር። አቶ ዳኘው መጡ። በዚያ ሙቀት አዲስ ኮት ለብሰዋል፤ ሸሚዙ የተተኮሰው ነጭ ሸሚዝ ነው። ከእሷ መኪና ገብተው ተቀመጡ፤ ማንም ሳይነግራቸው መስታወቱን ዘጉት።

«ሰማሽ» አሉ።

«ሰማሁ።»

«ሰላም ነው የገዛሁልሽ ልጄ።»

«እኔ ከማንም አልተጣላሁም ጋሼ።»

«አንቺ ባትጣዪም እነሱ ተጣልተውሻል። አታውቂያቸውም። አንቺ ኬኔሶ ሥራሽን ሠርተሽ ትመጫለሽ፤ እኔ ኤርፖርት ስሠራ ከእነሱ ጋር ነው የምውለው፣ ለቅሶ ከእነሱ ጋር ነው የምቀመጠው። ዓመት ሙሉ ‹ያንተ ልጅ› እያሉ አቃጥለውኛል። አሁን ግን ብርሃነመስቀል በሰው ፊት ሳመኝ።»

«እርስዎ ጥፋቴ ምንድን ነው አሉ? ምን ብለው ነው ይቅርታ የጠየቁት?»

«ጥፋት ጥፋት አትበይ! ይቅርታ ሲጠየቅ ጥፋት አይዘረዘርም። ‹ልጅ ናት፣ ባለማወቅ ነው› ተባለ፣ አለቀ።»

«ባለማወቅ አይደለም እኮ። ቆጥሬ ነው። ለምን መጀመሪያ አልጠየቁኝም?»

አቶ ዳኘው ይህን ጥያቄ አልጠበቁትም ነበርና እውነቱ አመለጣቸው። «ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሻ!» አሉ። ሐረገወይን ኮታቸውን አየችው። ከበዓሉ ቀጥሎ የማኅበሩ ምርጫ አለ፤ አቶ ስለሺ ሊቀመንበርነቱን ሊለቁ ነው፤ ሊተካቸው የሚችል «አስታራቂ ሰው» ተገኝቷል ሲባል ከሰሞኑ በሹክሹክታ ሰምታለች፤ ማን እንደሆነ የገባት አሁን ነው። ለእሷ ሰላም ገዙላት ወይስ በእሷ የሊቀመንበሩን ወንበር ገዙ? ስማይርና ባለው ቤት ያደገችበት ክፍል፣ በመኪናቸው ያደረሷት የትምህርት ቤት ውድድር፣ ጠዋት የተሞላው ቤንዚን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሌላ ፊት አዞሩባት፤ የትኛው ፍቅር የትኛው ቅድመ ክፍያ እንደነበር መለየት አቃታት። ይህን መጠርጠር ራሱ አሳፈራት። ጥርጣሬውን ግን እሷ አላመጣችውም።

«ዛሬ ዝም በይልኝ» አሉ አቶ ዳኘው በሩን እየከፈቱ። «ዓመት በዓል ነው። ወጥተሽ ፈገግ በይ፣ ያልቃል።»

አዳራሹ ጢም አለ። ልጆች ከመድረኩ ስር ተሰብስበው ጣሪያውን ያያሉ። አቶ ስለሺ ማይኩን ይዘው ስለ አንድነት ተናገሩ፤ ስለ አንድነት የሚናገር ሰው እንደሚያደርገው አርዝመው ተናገሩ። ከዚያ ሰዓቱ ደረሰና መብራት ጠፋ። ሰንሰለቱ ተንቋቋ። ልጆቹ «ስምንት!» ብለው ጮኹ፤ ቀና አሉ። ምንም አልተከፈተም። አበባዋ አስቀድማ ተከፍታ፣ ሰፍታ፣ እንደ ትሪ እየተወዛወዘች ነው የምትወርደው። «ሰባት» ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ከኋላ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ከአሥር ጀመረ፤ ከጎኑ ያለው «ከስንት ነው?» አለ። ቁጥሩ ተደበላለቀ፣ ሰለለ፣ ጠፋ። መብራቱ ማን አንድ እንዳለ ሳይታወቅ በራ። ልጆቹ አበባዋ እስክትከፈት ሲጠብቁ ወላጆቻቸው አጨበጨቡ፤ እልል ተባለ። ከፊት ረድፍ አቶ ብርሃነመስቀል ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ እየቀረጸ ነበር። የሚቆጠር ነገር አላገኘም። ደስ ብሎታል።

«አሁን ደግሞ» አሉ አቶ ስለሺ፣ «ትልቅነት ያሳየችንን፣ ስህተቷን በጸጋ ተቀብላ ያረመችውን ልጃችንን ሐረገወይንን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ። ጋቢውን የሚያለብሷት አሳዳጊ አባቷ፣ አስታራቂያችን፣ ጋሽ ዳኘው ናቸው!»

ጭብጨባው ከአበባዋም በረታ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ከሦስተኛው ረድፍ መሬት መሬት ያያሉ። ሐረገወይን ወጣች። ይህን ሕዝብ ታውቀዋለች፣ ሌላ ሕዝብ የላትም። አቶ ዳኘው ጋቢውን ዘርግተው ፈገግ ብለው ቀረቡ፤ ዓይናቸው ግን ይለምናት ነበር። ትከሻዋን አልሰጠችም። እጇን ወደ አቶ ስለሺ ዘረጋች፤ ልታመሰግን መስሏቸው ማይኩን ሰጧት።

«እንኳን አደረሳችሁ» አለች። «አማርኛዬ ቢሰባበር ይቅርታ። ይሄንን ይቅርታ ራሴ ነኝ የጠየቅኩት።»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ሳቁ ቆመ።

«ሌላውን ይቅርታ ግን እኔ አልጠየቅኩም። ስብሰባው ላይ አልነበርኩም፣ አልተጠራሁም። አበባዋን ለመቀየርም ኦኬ አላልኩም። አቶ ስለሺ ስህተቷን አርማለች አሉ፤ ምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ከጠዋት ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ የለም።»

«በቃ፣ በዓል ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። «ተዋት፣ ትናገር!» አለች ሌላ ሴት። አቶ ስለሺ ማይኩን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። ሐረገወይን ግን ወደ አጎቷ ዞራ ነበር። ጋቢው በሁለት እጃቸው እንደተዘረጋ ነው።

«ጋሼ፣ አሳድገውኛል፤ ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ በላይ እርስዎ ያውቁኛል። ጥፋት ካለብኝ ጎንበስ ብዬ ራሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከሌለብኝ የለባትም ይበሉልኝ። ቤት ስንገባ አይደለም፣ መኪና ውስጥም አይደለም።» ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጋችው። «እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ይመልሱልኝ፦ ምን አጠፋሁ?»